ስለ ተማሮች የወጪ መጋራት ዕዳና ስለ ምርቃት ድግስ

ዕዳ የሚጸናው አበዳሪው የሰጠውን፣ ተበዳሪውም የወሰደውን ለይተው ሲያውቁ ነው። ከሁለቱ አንዱ ሳያውቀው የቀረ እንደ ሆነ ውሉ በወረቀት ላይ ቢታይም በልብ አይገኝም፤ በልብ የማይገኝ ዕዳም ሲጠየቅ እንደ ግፍ ይቈጠራል። በመንግሥት ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች የሚማሩት ጐልማሶችና ልጃገረዶች የሚፈርሙት የወጪ መጋራት ውል ወደዚህ ያዘነበለ ይመስላል፤ ፈራሚው ብዙ፣ አንባቢው ጥቂት ነውና። በአንጻሩ ደግሞ ማንም ሳያስፈርማቸው በልብስና በስልክ፣ በምርቃት ድግስና በፎቶግራፍ ምክንያት የሚገቡበት ሌላ ዕዳ አለ። የፊተኛው ዕዳ ስሙ ይከብዳል፣ ምክንያቱ ግን መልካም ነው። የኋለኛው ስሙ ደስታ ይባላል፣ የወላጅን ጐተራ የሚያራቍተው ግን እርሱ ነው። ሁለቱን ለያይቶ መመርመር ለሹማምቱም ለካህናቱም የሚጠቅም ስለ ሆነ፣ ነገሩን ከባሕር ዳርና ከጣና ዳርቻ አገሮች አንሥቶ ማየት ይሻላል።

ባሕር ዳር የተማሪ ከተማ ከመባሏ አስቀድሞ የሠራተኛ ከተማ ነበረች። ኢትዮጵያ ከኢጣሊያ በተቀበለችው የጦር ካሣ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም ተከፈተ። በ1955 ዓ.ም በሶቭየት ኅብረት ርዳታ የፖሊ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተቋቋመ፤ ቈይቶም በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ርዳታ መምህራንን የሚያሠለጥን የፔዳጎጂ አካዳሚ ተጨመረ። ከተሜው ሁለቱን ስፍራዎች እስከ ዛሬ «ፖሊ» እና «ፔዳ» እያለ ይጠራቸዋል። ሁለቱ በ1992 ዓ.ም አንድ ሆነው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተባሉ፤ ከዚያም ወዲህ የእርሻው፣ የሕክምናው፣ የሕጉና የመርከብ ሥራው ትምህርት እየተጨመረ በዘንዘልማ፣ በይባብ፣ በሰባታሚትና በጥበበ ግዮን ሆስፒታል ዙሪያ ተስፋፋ። ጨርቅ በሚሠራበት ከተማ የሚማር ልጅ ከቻይናና ከቱርክ የመጣ ልብስ ካልለበሰ የተማረ የማይመስለው መሆኑ ለብቻው ጽሑፍ የሚሻ ነገር ነው።

በፖሊና በፔዳ የመጀመሪያ ዘመን የተማሩ ሰዎች የትምህርት ዕዳ የሚባል ነገር አያውቁም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም ማስተማር ከጀመረ አንሥቶ እስከ 1995 ዓ.ም ድረስ፣ 50 ዓመት ለሚያህል ጊዜ፣ ወደ መንግሥት ከፍተኛ ትምህርት ቤት የገባ ተማሪ ስለ ትምህርቱ አይከፍልም ነበር። ይህ ማለት ግን ውለታ አልነበረበትም ማለት አይደለም። በ1957 ዓ.ም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሮች ትምህርታቸውን ከመጨረሳቸው በፊት አንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ ወጥተው እንዲያገለግሉ ሥርዐት ተደረገ፤ አብዛኞቹም በየአውራጃው ትምህርት ቤት መምህራን ሆነው ዓመቱን ፈጸሙ። በገንዘብ ያልተጠየቀው ዕዳ በዕውቀትና በጕልበት ይከፈል ነበር።

ይህም ቢሆን ባገሩ ላይ እንግዳ ነገር አልነበረም። የጣና ዙሪያ ዩኒቨርሲቲ የሚባል ስም ሳይሰማ ከፍተኛ ትምህርት የነበረበት አገር ነው። ቅኔ ፍለጋ ወደ ዋሸራ፣ ድጓ ለማስመስከር ወደ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አምባ፣ አቋቋምና የመጻሕፍት ትርጓሜ ለመስማት ወደ ጐንደር የሚሄደው ደቀ መዝሙር ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የለመነውን ቍራሽ እየበላ ይማር ነበር፤ ዛሬም እንዲህ የሚማር አለ። መምህሩ የማስተማሪያ ዋጋ አይጠይቁም። ደቀ መዝሙሩ እንጨት ይለቅማል፣ ውሃ ይቀዳል፣ የመምህሩን ማሳ ያርማል። ይህን አይቶ ትምህርቱ ያለ ዋጋ ነበር የሚል ሰው ሒሳቡን ልብ አላለውም። ቍራሹን የሰጠችው ባልቴት ከፋይ ነበረች። ተማሪውም ቄስ ወይም መሪጌታ ሆኖ ሲቀድስ፣ ሲያስተምር፣ ሙት ሲፈታ ዕዳውን ይከፍል ነበር፤ የሚከፍለው ግን ብዙ ጊዜ በሌላ አገር ላለች ለሌላ ባልቴት ነው። እንዲህ እየተቀባበለ ትምህርቱ ሳይቋረጥ ከኛ ዘመን ደረሰ። በዚያ ሥርዐት ትልቁ ነገር ተማሪው የሰጪዋን ፊት ማየቱ ነበረ። እንጀራው ካንዲት ድሀ ሌማት እንደ ወጣ ያውቅ ነበርና የበላው ቍራሽ አይረሳውም።

የዛሬው ተማሪ ሰጪውን አያየውም እንጂ ሰጪው አለ። በአቸፈር ወይም በደራ የሚያርስ ገበሬ፣ የገዛ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ፣ የሌላውን ሰው ልጅ በግብሩ ያስተምራል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ቁጥር 91/1995 የወጪ መጋራትን ሥርዐት ያቆመው ይህን ሸክም ለማካፈል ነው፤ ትምህርት ቤቶቹም ያን ጊዜ እየበዙ ነበር፤ ዛሬ የመንግሥቶቹ ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ሆነዋል። በደንቡ መሠረት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ ቢያንስ ከመቶ 15 እጅ ይሸከማል። የሚከፍለውም ተመርቆ ገቢ ካገኘ በኋላ፣ ከወር ገቢው ቢያንስ ከመቶ 10 እጅ እየተነሣ በ15 ዓመት ውስጥ እንዲያልቅ ነው። በመምህርነትና መንግሥት በሚመርጣቸው ሌሎች ሥራዎች የሚሰማሩት በአገልግሎታቸው እንዲከፍሉ ተፈቅዷል። ከሐሳቡ ላይ የሚነቀፍ ነገር አይገኝም፤ ያለው እንዲከፍል፣ የሌለውም እስኪያገኝ እንዲታገሡት ያዝዛልና።

ሒሳቡ ግን ከዚያ ወዲህ ተለውጧል። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ ተመድቦ የነበረው 22 ብር በ2017 ዓ.ም ወደ 100 ብር ከፍ አለ። በ22 ብር ሦስት ጊዜ መብላት እንደማይቻል ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋልና ጭማሪው ተገቢ ነበር። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ወዲህም ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ሁሉ ዋጋው ምን እንደ ሆነ ለመንገር አያሻም። ነገር ግን የምግብ ወጪ በሙሉ የተማሪው ነው የሚለው ቃል እንዳለ ከጸና ውጤቱ እንዲህ ይሆናል። ተማሪው ባመት 300 ቀን ቢመገብ በፊተኛው ተመን ባመት 6,600፣ ባራት ዓመት 26,400 ብር ነበር። ባሁኑ ተመን ባመት 30,000፣ ባራት ዓመት 120,000 ብር ይመጣል። በመጀመሪያ ዲግሪ ወደ መንግሥት ሥራ ለሚገባ ሰው መነሻ ደመወዙ ከመስከረም 2018 ዓ.ም ጀምሮ 11,500 ብር ሆኗል፤ ከዚህ ከመቶ 10 እጅ ሲነሣ በወር 1,150፣ ባመት 13,800 ብር ነው። ደመወዙ ሳያድግ ቢቈጠር የፊተኛው የምግብ ዕዳ በሁለት ዓመት ውስጥ ያልቃል፤ ያሁኑ ወደ ዘጠኝ ዓመት ይጠጋል። መኝታውና የማስተማሪያው ድርሻ ገና አልተቈጠረም። ከ2012 ዓ.ም ወዲህ የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ስለ ተጨመረም፣ ቀድሞ በሦስት ዓመት ያልቅ የነበረው ትምህርት አራት ዓመት ሆኗል። ይህን ቍጥር ተማሪው በፈረመ ቀን ቢያየው ኖሮ ብዙ ነገር ሌላ መልክ በያዘ ነበር።

ከዚህ ውስጥ ካንዱ ነገር ላይ መቈየት ያስፈልጋል። በግቢው ምግብ ቤት የማይበላ ተማሪ የምግቡን ገንዘብ በየወሩ በእጁ ይቀበላል፤ ተማሮቹ ይህን «ኖን ካፌ» ይሉታል። በሳህን የቀረበ ወጥ ዕዳ መሆኑ ባይታወቅ አያስገርምም። በእጅ የተቈጠረ ብር ብድር መሆኑ መዘንጋቱ ግን የሚያስገርም ነው። ገንዘቡ እንደ ደመወዝ ይጠበቃል፣ እንደ ደመወዝም ይጠፋል። ከፔዳ በር ውጭ ያለውን ገበያ ላየ ሰው አጠፋፉ አይሰወረውም። የስልክ ቤቱ፣ የልብስ ቤቱ፣ የጭማቂ ቤቱ፣ የውርርድ ቤቱ፣ በባሕር ዳር ዙሪያ ማሳውን ለጫት የሰጠ ገበሬ ከበዛ ወዲህም የጫቱ መደብ፣ ሁሉም የተማሪውን ወር መጀመሪያ እንደ በዓል ይጠብቁታል። ከነዚህ ውስጥ ስልክን ለብቻው መለየት ይገባል፤ መጽሐፍ ባነሰበት ቤተ መጻሕፍት ስልክ መጽሐፍም መምህርም ሆኖ ያገለግላልና። ነገር ግን ለማንበብ የሚበቃው ስልክ አንድ ነው፣ ለመታየት የሚገዛው ስልክ ሌላ ነው። የዚህ የኋለኛው ዋጋ ካዲስ ምሩቅ የሁለት ወር ደመወዝ ይበልጣል።

ገንዘቡ ወሩ ሳይሞላ ሲያልቅ ደግሞ አዲስ በር ተከፍቶለታል። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም ቴሌብርን አመጣ፤ በ2014 ዓ.ም ማለቂያ ከዳሽን ባንክ ጋራ ሆኖ «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉትን ብድሮች ጨመረበት። ባንክ ደጅ ቆሞ ለማያውቅ ጉልት ነጋዴ ይህ ትልቅ ርዳታ ነው። ለተማሪ ግን ነገሩ ይለያል። አባቶች መበደርን የሚያሳፍር ነገር ያደረጉት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ እፍረቱ ልጓም ነበረ። ተበዳሪው ያበዳሪውን ዐይን ማየት፣ ዋስ መጥራት፣ ምክንያቱን መናገር ነበረበትና ለማይረባ ነገር ለመበደር አፉ አይፈታም ነበር። በስልክ የሚመጣው ብድር ምክንያት አይጠይቅም፤ ወጪውንም ከመጠን ያሳንሰዋል፤ የአገልግሎት ዋጋውን የሚያነብ ግን እንደ ወጪ መጋራቱ ውል ጥቂት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የምርቃት ወጪ ነው። ለዚህም ምክንያት አለው። የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከግማሽ በላይ አምጥተው ያለፉት በ2014 ዓ.ም ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም 3.2፣ በ2016 ዓ.ም 5.4፣ በ2017 ዓ.ም 8.4 ናቸው። እንዲህ ባለ ወንፊት ተጣርቶ ካንድ ቀበሌ አንድ ልጅ የገባ እንደ ሆነ የቤቱ ልጅ መሆኑ ቀርቶ ያገሩ ልጅ ይሆናል፤ በተመረቀም ጊዜ ድግሱ በዚያው ልክ ይሰፋል። ከዘጌ ቡናውን፣ ከፎገራ ሩዙንና ሽንኵርቱን፣ ከአቸፈር የሚያርስበትን በሬ ሸጦ የመጣ አባት ባሕር ዳር ሲደርስ የሚጠብቀው ዝርዝር ረጅም ነው። ሙሉ ልብስ አለ፣ ጋዋን አለ፣ የጓደኞች መጽሔትና ባንድ ዐይነት የሚለበሰው ካናቴራ አለ፤ ፎቶግራፉ በትልቅ ሸራ ታትሞ በበር ላይ ይሰቀላል፤ ኬክ ይቈረጣል፤ በጣና ላይ በጀልባ ይዞራል፣ ቪዲዮ ይቀረጻል። ይህ የከተማው ነው። ወደ አገር ቤት ሲመለሱ ደግሞ ጐረቤቱ ይጠብቃልና ሌላ በግ ይታረዳል፣ ሌላ ጠላ ይጠመቃል።

ደስታ አይደረግ የሚል የለም። ፊደል ያልቈጠረች እናት ልጇን በጥቍር ጋዋን ስታይ እልል ማለቷን የሚነቅፍ ሰው ልበ ደንዳና ነው። የሚነቀፈው የድግሱ ልክ ከቤቱ ልክ ማለፉ ነው። ቀድሞ የድሀውን ቤት ያፈርስ የነበረው ተዝካር ነበረ፤ በሬውን አርዶ የሙት ዓመት ያወጣ ገበሬ በሚያዝያ የሚጠምደው አጥቶ የሰው ደጅ ይጠና ነበር። ተዝካሩ በብዙ አገር ሲቀልል ምርቃቱ ቦታውን ወረሰ። ለተዝካሩ ቢያንስ ለነፍስ ይጠቅማል የሚል ምክንያት ይሰጥለት ነበር፤ በሸራ ታትሞ የሚሰቀለው ፎቶግራፍ ግን ለማን ነፍስ እንደሚጠቅም የሚናገር አልተገኘም። ገንዘቡ ከዕቍብ ቢወጣ ደግ ነው። ካራጣ አበዳሪ የመጣ እንደ ሆነ ግን ፍትሐ ነገሥት አራጣን እንደሚከለክል ካህናቱ ያውቃሉ፤ ያን ድግስ የሚባርኩትም እነርሱው ናቸው። የነፍስ አባት ለንስሐ ልጁ ሰርጉን በልክ አድርግ ለማለት ሥልጣን እንዳለው ሁሉ ለምርቃቱም አለው።

ድግሱ ካለቀ በኋላ የሚመጣው ጊዜ ሌላ ነው። ምሩቁ በመጀመሪያ የሚቀበለው ጊዜያዊ ማስረጃ ነው፤ የዲግሪው ዋና ወረቀት የሚሰጠው የወጪ መጋራቱን ዕዳ መክፈሉን የሚያስረዳ ደብዳቤ ሲያመጣ ነው። እዚህ ላይ ደንቡና አፈጻጸሙ ይጋጫሉ። ደንቡ ገቢ ሲያገኝ ይክፈል ይላል፤ ገቢ ያላገኘው ምሩቅ ግን ዋናውን ወረቀት ለሚጠይቅ ቀጣሪ ወይም ለውጭ አገር ትምህርት ቤት የሚያሳየው የለውም። ሥራ ስለ ሌለው አልከፈለም፤ ስላልከፈለ ሥራው ይርቀዋል። አባቱ ነጋዴ የሆነ ባልንጀራው ባንድ ቀን ከፍሎ ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ ደንቡም አስቀድሞ ለሚከፍል ቅናሽ ያደርግለታል። በዚህ መንገድ ሀብታሙ ከድሀው ያነሰ ይከፍላል ማለት ነው።

ሁለተኛው ጕድለት ያሰባሰቡ ነው። ዕዳው የሚነሣው ከደመወዝ ላይ ስለ ሆነ በደመወዝ መዝገብ የተጻፈ ሰው ሳይወድ ይከፍላል። በንግድ የሚኖረው፣ ባጃጅ ገዝቶ የሚያሠራው፣ ባሕር ማዶ የተሻገረው ግን ገቢው ከጸሐፊው ይበልጥ እንደ ሆነ እንኳ የሚደርስበት የለም። በክልሉ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ጀምሮ የተነሣው ግጭት በትምህርቱ ላይ ያመጣው መጓተት ሲጨመር፣ በሃያ ሁለት ዓመቱ ይመረቅ የነበረው ልጅ በሃያ አራትና በሃያ አምስት ዓመቱ ይመረቃል፤ የጠፋውን ዓመት በየትኛውም መዝገብ የሚጽፍለት የለም።

የሌላውን አገር ማየት ይጠቅማል፤ ለመቅዳት ሳይሆን ለመጠንቀቅ። ተማሪው ገቢ ሲያገኝ እንዲከፍል የሚያደርገውን ሥርዐት አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1989 ጀመረች፤ የኛም ደንብ በሐሳብ ከዚያ የራቀ አይደለም። እዚያ የሚሠራበት ምክንያት የግብሩ መሥሪያ ቤት የእያንዳንዱን ሰው ገቢ ስለሚያውቅ፣ ገቢው ከተወሰነው ልክ በታች የሆነ ሰው ሳይጠየቅ ስለሚያልፍ ነው። በአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት ግን የተማሮች ዕዳ ከ1.7 ትሪሊዮን ዶላር የማያንስ ሆኖ ከ40 ሚሊዮን በላይ በሆነ ሕዝብ ትከሻ ላይ ተቀምጧል። ፕሬዚዳንት ባይደን ለአብዛኞቹ ባለዕዳዎች 10,000፣ ለችግረኞቹ እስከ 20,000 ዶላር ለመሠረዝ ያቀዱትን ሐሳብ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሰኔ 23 ቀን 2015 ዓ.ም ሻረው። እዚያ ዕዳው የከበደው የትምህርት ቤቶቹ ዋጋ በየጊዜው ሲጨምር ጭማሪውን የሚሸከመው ብድሩ ስለ ሆነ፣ ዋጋ ጨማሪውም የሚያስፈራው ነገር ስላጣ ነው። ይህ ቃል ለኛም አይርቅም። በአዋጅ ቁጥር 1294/2015 ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ ሊሆኑ ተፈቅዷል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ቀዳሚ ሆኖ ጀምሯል። የራሱን ገቢ የሚፈልግ ትምህርት ቤት ዋጋ መጨመሩ የማይቀር ነውና፣ ባሕር ዳርን የመሰሉት በተራቸው ሲገቡበት ዕዳው ዛሬ ባለው መልኩ አይጠብቃቸውም።

ስለዚህ ለሹማምቱ የሚቀርበው ነገር ብዙ አይደለም። ገቢ ሳይኖረው ለቀረ ምሩቅ የዲግሪውን ወረቀት መስጠትና ዕዳውን በግብር ቍጥሩ መከታተል ከደንቡ ቃል ጋራ ይስማማል እንጂ አይቃወምም። ለመምህራን የተፈቀደው በአገልግሎት የመክፈል መንገድም በጣና ዳር ላሉት ጤና ጣቢያዎች፣ ደሴት ላይ ላሉት ትምህርት ቤቶች፣ እምቦጩን ከሐይቁ ለሚያጠፋው ሥራ ቢሰፋ፣ በ1957 ዓ.ም የተጀመረው ነገር በሌላ ስም ተመለሰ ማለት ነው። የምግቡ ተመን ከ22 ወደ 100 ብር ከፍ ሲል የተማሪው ድርሻ እንዳለ ይከተል ወይም በከፊል መንግሥት ይቻለው የሚለው ግን በምክር ቤት ተመክሮ በግልጥ መወሰን አለበት፤ በዝምታ የሚያድግ ዕዳ በኋላ የሚያስነሣው ክርክር ከባድ ነውና።

ከዚህ በፊት ሊደረግ የሚቻል አንድ ቀላል ሥራ አለ። ዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ መጀመሪያ ተማሪውን ሲያስፈርም እስከዚያ ቀን የደረሰበትን የዕዳ ድምር፣ ምግቡን ለብቻ፣ መኝታውን ለብቻ፣ ማስተማሪያውን ለብቻ ዘርዝሮ ባንድ ገጽ ይጻፍና አንዱን ለተማሪው ይስጥ፣ ሁለተኛውንም ለወላጁ ይላክ። ወጪው የወረቀትና የቀለም ነው። ወላጁ ማንበብ የማይችል እንደ ሆነም የሰፈሩ ቄስ ወይም ሼኽ ያነቡለታል፤ ምርቃቱ ከመድረሱ፣ በሬውም ከመሸጡ በፊት።